የወባን ትንኝ ገና በውሃ ውስጥ ሳለች ስለ ማጥፋት

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በአንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ የተደረገ ንግግር)



በዚህ በበዓላችን ቀን እንድናገር በታዘዝሁ ጊዜ ጓደኞቼ ስለ ጣና ገዳማት ወይም ስለ ዓባይ ታሪክ እንድናገር መክረውኝ ነበር። ምክራቸው መልካም ነው፤ ነገር ግን ስለ ገዳማቱና ስለ ዓባይ የሚናገር ሰው በከተማችን ጠፍቶ አያውቅም። እኔ የመረጥሁት ፍጥረት ግን ተናጋሪ የለውም። ርዝመቱ ከስንዴ ቅንጣት አይበልጥም፤ እግር የለውም፤ ክንፍም የለውም፤ በከብት ሰኮና ዱካ ውስጥ በቀረች ውሃ እንኳ ይኖራል። ይኸውም የወባ ትንኝ እጭ ነው።

እንዲህ ያለ ርዕስ ለበዓል ቀን አይስማማም የሚል ቢኖር፣ ባለፈው ጥቅምት የክፍላችን አግዳሚ ወንበሮች እንዴት እንደ ነበሩ ያስታውስ። ክረምቱ ካለፈ ጀምሮ እስከ ኅዳር መጨረሻ ድረስ ሁላችንም ተሟልተን የተቀመጥንበት ሳምንት አልነበረም። አንዱ ድኖ ሲመጣ ሌላው ይተኛል፤ የተኛውም ሲመለስ ትምህርቱ ሁለት ምዕራፍ አልፎት ይጠብቀዋል። አባቶቻችን ንዳድ ይሉት የነበረው በሽታ ለእኛ ለልጆቻቸው የታሪክ ነገር አልሆነም። የዓለም ጤና ድርጅት እንዳስታወቀው፣ በ2024 ከጃንዋሪ 1 እስከ ኦክቶበር 20 ቀን ድረስ ብቻ በኢትዮጵያ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕመም ተመዝግቦ 1,157 ሰዎች ሞተዋል። (በዚህ ንግግር ዓመቶቹን ሁሉ የምቆጥረው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው፤ የሕክምና መጻሕፍት የሚጽፉት እንዲሁ ስለ ሆነ ነው።)

የሠፈራችን ስም ግሽ አባይ ነው። ስሙን የሰጠን ቦታ ግን ከዚህ በስተ ደቡብ በሰከላ ያለው፣ ግልገል አባይ የሚመነጭበት ደጋ ነው። ከፍታው ከ2,700 ሜትር በላይ ስለ ሆነ ሌሊት ብርዱ አጥንት ይሰብራል፤ እዚያ የሚኖር ሰው ወባን የሚያውቃት ወደ ቆላ ወርዶ ሲመለስ ነው። ያው ውሃ ቁልቁል ወርዶ ጣና ሲደርስ ከፍታው 1,800 ሜትር ያህል ብቻ ይሆናል፤ እዚህ ደግሞ ወባ አለ። ውሃው አንድ ሲሆን ልዩነቱ ከየት መጣ? የበሽታው ተውሳክ በትንኟ ሆድ ውስጥ አድጎ ወደ ምራቋ እስኪደርስ ድረስ ሙቀት ይፈልጋል፤ ሙቀቱ ከ16 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ሲወርድ ማደጉን ያቆማል። ትንኟም ብትሆን የምትወድደው ፀሐይ ያሞቀውን፣ የማይፈሰውን፣ ትንሹን ውሃ ነው እንጂ የሚገሠግሠውን ወንዝ ወይም ማዕበል የሚያናውጠውን ሐይቅ አይደለም።

ስለዚህ ጣናን በሙሉ የወባ ምንጭ ነው ብሎ መክሰስ ፍርድ ማጓደል ይመስለኛል። ጥፋተኞቹ ሐይቁ በበጋ ሲሸሽ ዳር ዳር የሚተዋቸው ኩሬዎች፣ ለቤት ጭቃና ለጡብ አፈር የተቆፈሩ ጉድጓዶች፣ የተደፈኑ የመንገድ ዳር ቦዮች ናቸው። በመራዊ አጠገብ ያለው የቆጋ ግድብ 7,000 ሄክታር የሚያህል መሬት ለማጠጣት የተሠራ ነው፤ ለገበሬው በረከት መሆኑን የማይመሰክር የለም። ሆኖም ከቦይ የሚያፈስ ውሃ በበጋ ሜዳ ላይ ካቆረ፣ ትንኟ ክረምትን መጠበቅ አያስፈልጋትም።

በዚህ አካባቢ ስለ ወባ የሚናገር ሰው ደምቢያን ሳያነሣ ማለፍ አይችልም። በ1953 ከጣና በስተ ሰሜን ባለው በደምቢያ ሜዳ የተነሣው ወረርሽኝ በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎችን ገደለ። በ1954 የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሲቋቋም ያ ሐዘን ገና ትኩስ ነበር። ከዚያም በ1958 በብዙ የአገራችን ደጋማና ወይና ደጋ ክፍሎች ወባ እንደ ሰደድ እሳት ተነሥታ፣ 3 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ታመው 150,000 ያህል እንደ ሞቱ ይገመታል። በሚከተለው ዓመት የወባ ማጥፊያ ድርጅት ተቋቋመ። አያቶቻችን ዕቃቸውን ሁሉ ወደ ደጅ አውጥተው፣ ግድግዳቸው በዲ.ዲ.ቲ. ሲረጭ ቆመው ይመለከቱ እንደ ነበር ያጫውቱናል። የርጭቱ ምክንያት ግልጽ ነው፤ ትንኟ ደም ከጠጣች በኋላ ሆዷ ስለሚከብዳት ግድግዳ ላይ ታርፋለች፤ ባረፈችበትም መርዙ ያገኛታል።

ይህ መንገድ ብዙ ሕይወት አድኗል። ይሁን እንጂ ከሺህ ትንኞች መካከል መርዙን የምትቋቋም አንዲት ብትገኝ፣ የምትወልደው እርሷ ናት፤ ልጆቿም እርሷን ይመስላሉ። ከብዙ ዓመታት በኋላ በአገራችን ያለችው ዋናዋ የወባ አስተላላፊ፣ አኖፌለስ አራቢየንሲስ የምትባለው፣ ዲ.ዲ.ቲ.ን ለመደችው፤ ከ2000ዎቹ መጨረሻ ወዲህም በሌሎች መድኃኒቶች ተተካ። ከተተኩትና አጎበር ከሚነከርባቸው መድኃኒቶችም የተለመዱ አሉ። በዚህ ላይ አዲስ እንግዳ መጣችብን። አኖፌለስ ስቴፈንሲ የምትባለው የእስያ ትንኝ በ2016 በሶማሌ ክልል በቀብሪ ደሃር ተገኘች፤ በ2022 ደግሞ በድሬዳዋ በበጋ ወራት ለተነሣው ወባ ምክንያት እርሷ መሆኗ ታወቀ። ይህችኛዋ ረግረግ አትፈልግም። በርሜል፣ ሮቶ፣ ለግንባታ የተጠራቀመ ውሃ ይበቃታል። ከሁሉ የሚያስፈራኝ ይህ ነው፤ ምክንያቱም ወባ የገጠር በሽታ ነው እያልን የተጽናናን የከተማ ሰዎች ማምለጫ አጣን ማለት ነው።

እንግዲህ ክንፍ ያወጣችውን ትንኝ ማሳደድ እየከበደ ከሄደ፣ ክንፍ ሳታወጣስ? የሳይንስ ክበባችን ልጆች በዚህ ዓመት ከሐይቁ ዳር ከከብት ማጠጫ አጠገብ በጭልፋ ውሃ እየቀዳን በነጭ ሳህን ላይ ስንመለከት ሰንብተናል። በሚስዮን ትምህርት ቤት በታች ክፍሎች ያስተማሩን መምህራን የሰማነውን ትተን ያየነውን ብቻ በደብተር እንድንጽፍ አስለምደውን ስለ ነበር፣ ያየሁትን እነግራችኋለሁ። በአንድ ሳህን ላይ ሁለት ዓይነት እጭ አለ። አንደኛው ኩሌክስ የሚባለው የተራ ትንኝ እጭ ነው፤ በጅራቱ በኩል ባለች መተንፈሻ ቱቦ ከውሃው ገጽ ተንጠልጥሎ ራሱን ወደ ታች ይዘቀዝቃል። ሁለተኛው የወባዋ ነው፤ ቱቦ ስለሌለው ከውሃው ገጽ ሥር እንደ ጭራሮ ጋለል ብሎ ይተኛል። ሲበላም አካሉን ሳያንቀሳቅስ ራሱን ብቻ ወደ ኋላ አዙሮ በገጹ ላይ የሰፈፈውን ይለቅማል። ጥላችን ሲያርፍበት ይሰምጣል፤ ጥቂት ቆይቶ አየር ፍለጋ ይመለሳል። ወዴትም አይሸሽም። ከእንቁላል ተነሥቶ፣ አራት ጊዜ ቆዳውን ለውጦ፣ ፑፓ ሆኖ፣ ትንኝ ሆኖ እስኪበርር ድረስ ሙቀቱ ቢመቸው አሥር ቀን ያህል ይፈጅበታል። በእነዚያ ቀኖች ሁሉ የውሃው እስረኛ ነው።

እጩን በውሃው ውስጥ ማጥፋት አዲስ አሳብ አይደለም። ሮናልድ ሮስ የተባለው የእንግሊዝ ሐኪም በ1897 በህንድ አገር ሆኖ የወባን ተውሳክ በትንኝ ሆድ ውስጥ ካገኘ በኋላ፣ ብዙ ሰዎች ፊታቸውን ወደ ውሃው አዙረዋል። በ1930 ገደማ የአፍሪካ ወባ ትንኝ ባሕር ተሻግራ ብራዚል ገብታ ነበር። ዛሬ ሊቃውንት በሙዚየም የተቀመጡትን በድኖች መርምረው እንዳረጋገጡት፣ ያቺ ትንኝ የእኛይቱ አኖፌለስ አራቢየንሲስ ነበረች። ፍሬድ ሶፐር የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም ብዙ ሠራተኞች አሰማርቶ፣ እያንዳንዱን ኩሬ እያስፈለገ የፓሪስ አረንጓዴ የሚባል ዱቄት አስበተነባቸው፤ በ1940 ትንኟ ከብራዚል ጠፋች። በ1942 ደግሞ ከሱዳን በዓባይ ሸለቆ በኩል ወደ ላይኛው ግብፅ ዘልቃ ብዙ ሕዝብ ከፈጀች በኋላ፣ በዚሁ ዱቄትና በዚሁ ሥርዓት እስከ 1945 ድረስ ተጠርጋ ወጣች። ከእኛ ደጅ የሚነሣው ውሃ በሚደርስበት አገር የሆነውን ነገር እዚህ ብናስታውሰው አግባብ ነው።

የፓሪስ አረንጓዴ መዳብና አርሴኒክ ያለበት የማዕድን መርዝ ነው። እጩን እንደሚገድል ሁሉ ሰውንም ይገድላል። ስለዚህ ከዚያ ዘመን የወረስነው ጥያቄ ይህ ነው፤ እጩን የሚገድል፣ በውሃው ጎረቤት የሚኖረውን ሌላውን ፍጥረት ግን የማይነካ ማዕድን ይገኛል ወይ?

አሁን ወደ ናኖ ቅንጣት እመጣለሁ። ናኖ የሚለው ቃል በግሪክ ቋንቋ ድንክ ማለት ነው። አንድ ሜትር በአንድ ሺህ ሚሊዮን ሲከፈል አንዱ ክፍል ናኖ ሜትር ይባላል። የሰው ፀጉር ውፍረት 80,000 ናኖ ሜትር ያህል ነው፤ የምናገርላቸው ቅንጣቶች ግን ከ10 እስከ 100 ናኖ ሜትር ቢሆኑ ነው። አንድ ነገር እንዲህ ሲደቅቅ ጠባዩ ይለወጣል። አንድ ራስ ስኳር ከተፈጨ ስኳር ይልቅ በሻይ ውስጥ ቀስ ብሎ እንደሚሟሟ ታውቃላችሁ፤ የደቀቀው ነገር ከውጭ የሚነካካበት ገጽ ስለሚበዛ ሥራው ይፈጥናል። ብርም እንዲሁ ነው። ብር ስል በኪስ ያለውን ገንዘብ ሳይሆን አንጥረኞች መስቀልና ቀለበት የሚሠሩበትን ማዕድን ማለቴ ነው፤ የወረቀቱንማ ማድቀቅ ኑሮ ራሱ ችሎበታል።

አሠራሩ የሚያስደንቅ ቀላል ነው። ቅጠል ታጥቦ፣ በጥላ ደርቆ፣ እናቶቻችን ጌሾ እንደሚያፈሉ በውሃ ይፈላና ይጠለላል። በሌላ ዕቃ ሲልቨር ናይትሬት የሚባለው የብር ጨው በንጹሕ ውሃ ይሟሟል፤ ለአንድ ሊትር 0.17 ግራም ያህል ይበቃል። ሁለቱ ሲቀላቀሉ ነጣ ያለው ውሃ ቀስ በቀስ ይጠቁርና የጠላ መልክ ይይዛል። ይህ የመልክ ለውጥ ቅንጣቶቹ መፈጠራቸውን የሚያበሥር ምልክት ነው፤ ደቃቆቹ የብር ቅንጣቶች ከብርሃኑ ውስጥ ወይን ጠጅና ሰማያዊ የሆነውን ክፍል ይውጣሉና። በጨው መልክ የሟሟው ብር አንድ ኤሌክትሮን የጎደለው አዮን ነው። በቅጠሉ ውስጥ ያሉት ቅመሞች ያን የጎደለውን ኤሌክትሮን ይሰጡታል፤ ብሩም ብር ይሆናል። ብሮቹ ጥቂት ጥቂት እየሆኑ ሲሰበሰቡ፣ ያው የቅጠሉ ቅመም ዙሪያቸውን ሸፍኖ እርስ በርሳቸው ተጣብቀው ትልቅ ጓል እንዳይሆኑ ይጠብቃቸዋል። በፋብሪካ መንገድ ቢሆን ለዚሁ ሥራ ብዙውን ጊዜ ኃይለኛና መርዛም ኬሚካል ያስፈልግ ነበር። በነገራችን ላይ ሲልቨር ናይትሬት ቆዳን ያጠቁራል፣ ዓይንንም ይጎዳል፤ ታናናሾቼ በማእድ ቤት እንዳትሞክሩት አደራ።

በ2004 በህንድ አገር በፑኔ ከተማ ያሉ ኬሚስቶች በኒም ቅጠል ብርንና ወርቅን እንዲህ ማድቀቃቸውን አሳተሙ። በ2011 ደግሞ በደቡብ ህንድ በሎተስ ቅጠል የተሠራ የብር ቅንጣት በወባ ትንኝ እጭ ላይ ተሞከረ፤ የቅጠሉ ጭማቂ ብቻውን ከሚያስፈልገው እጅግ ባነሰ መጠን እጮቹን ገደለ። በሌላ አገር በእምቦጭም ተሠርቷል። ይህን ሳነብ ከ2011 ጀምሮ ጣናን የወረረውን፣ ገበሬው ወገቡ እስኪጎብጥ የሚነቅለውን አረም አሰብሁና፣ ከጠላት ጎራ ወታደር መመልመል እንደሚቻል ተስፋ አደረግሁ። በአገራችንም በአገር ቅጠል የብርና የዚንክ ቅንጣት የሚሠሩ ኬሚስቶች አሉ፤ ብዙውን ጊዜ የሚፈትኑት ግን በባክቴሪያ ላይ ነው።

ቅንጣቱ እጩን የሚገድለው እንዴት ነው? እጩ ከምግቡ ጋር ይውጠዋል፤ በቆዳውም በኩል ይገባበታል። በአንጀቱ ውስጥ ከቅንጣቱ የሚለቀቀው የብር አዮን በፕሮቲኖቹ ውስጥ ካለው ድኝ ጋር ተጣብቆ ሥራቸውን ያሰናክላል፤ የአንጀቱም ግድግዳ ይፈራርሳል። ፑፓ ግን ስለማይበላ በዚህ መንገድ በቀላሉ አይያዝም። የዓለም ጤና ድርጅት ያወጣው የአፈታተን ሥርዓት አለ፤ 25 እጭ 100 ሚሊሊትር ውሃ ባለበት ብርጭቆ ይጨመራል፣ መርዙ በየብርጭቆው በተለያየ መጠን ይደረጋል፣ አንዱ ብርጭቆ ያለ መርዝ ይቀራል፣ ከ24 ሰዓት በኋላ የሞቱት ይቆጠራሉ። ይህን ለማድረግ ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገው ትዕግሥት ይመስለኛል።

ቅጠል ስንል ደግሞ የራሳችንን ሊቅ ሳንጠራ ማለፍ ነውር ነው። በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ ስለ ቢልሃርዚያ ለማጥናት አድዋ ሄደው ሳለ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ባለው ውሃ ውስጥ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች ተመለከቱ። የቢልሃርዚያን ተውሳክ ተሸክሞ የሚያሳድገው ያ ቀንድ አውጣ ነው። ስንት ሰው በዚያ ወንዝ አጠገብ አልፎ ነበር! እርሳቸው ግን ቆመው ጠየቁ። እንዶድ ሳፖኒን የሚባል አረፋ የሚያወጣ ቅመም እንዳለውና ቀንድ አውጣውን የሚገድለው እርሱ እንደ ሆነ ታወቀ። ሆኖም መድኃኒቱ በዓለም ፊት እስኪታመን ድረስ ብዙ ዓመት የመርዛማነት ምርመራ ተጠየቀበት፤ እርሳቸውና ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት የተቀበሉት በ1989 ነው። መዘግየቱ ብዙዎችን አሳዝኗል፤ እኔንም ያሳዝነኛል። ግን ምርመራው ራሱ ከንቱ ነበር ለማለት አልደፍርም፤ እንዶድ ዓሣንም ይገድላልና።

ከቅጠል የተሠራ ነገር ሁሉ ጉዳት የለውም የሚል አስተሳሰብ በጓደኞቼ መካከልም በጋዜጣም ላይ አይቻለሁ። የጣና ዳር ልጅ ይህን ሲል ይገርመኛል። ብርብራን የማያውቅ ማን አለ? የብርብራ ፍሬ ተወቅጦ ወደ ወንዝ ሲጣል ዓሣው ሰክሮ ይንሳፈፋል። በጉማራ ወንዝ እንዲህ እያደረጉ፣ በክረምት እንቁላል ለመጣል ሽቅብ የሚወጣውን ነጭ ዓሣ የሚያጠምዱ ነበሩ። እናቱም እንቁላሉም አብረው ይጠፋሉ። በጣና ያሉት የነጭ ዓሣ ዝርያዎች ከአሥር የሚበልጡ ሲሆኑ፣ አብዛኞቹ በዓለም ላይ በሌላ ሐይቅ አይገኙም። ብርብራም ዛፍ ነው፤ መርዙም ከዛፍ ነው።

አሁን ጥቂት ሒሳብ እናድርግ፤ ወላጆች ታገሡኝ። ከቅጠል የተሠሩት የብር ቅንጣቶች ከእጮቹ እኩሌታውን ለመግደል በአንድ ሊትር ውሃ ውስጥ ብዙውን ጊዜ 1 ሚሊግራም ወይም ከዚያ በላይ ያስፈልጋቸዋል። የዓለም ጤና ድርጅት ደግሞ በሚጠጣ ውሃ ውስጥ ያለ ጉዳት ሊታገሡት ይቻላል የሚለው ብር በሊትር 0.1 ሚሊግራም ነው። እንግዲህ እጩን የሚገድለው መጠን ለሰው ከተፈቀደው ብዙውን ጊዜ አሥር እጥፍና ከዚያም በላይ መሆኑ ነው። ሴቶች እንስራና ጀሪካን ይዘው ከሚቀዱበት፣ ከብት ከሚጠጣበት ኩሬ ይህን ጨምሩ ብሎ የሚመክር ሰው በመጀመሪያ እርሱ ይጠጣልን።

ዋጋውንም እንመልከት። በሊትር 5 ሚሊግራም እናደርጋለን እንበል። አንድ ሄክታር ስፋትና 20 ሴንቲሜትር ጥልቀት ያለው የሐይቅ ዳር ረግረግ 2 ሚሊዮን ሊትር ውሃ ይይዛል፤ ስለዚህ 10 ኪሎ ግራም ብር ይፈልጋል። በአንድ የማርያ ቴሬዛ ጠገራ ውስጥ 23 ግራም ያህል ጥሩ ብር ስላለ፣ ይህ ከ400 በላይ ጠገራ ማለት ነው። አራት መቶ ጠገራ ረግረግ ውስጥ የሚበትን ባለጸጋ በባሕር ዳር አላየሁም። ያም ለአንድ ጊዜ ነው፤ ዝናብ ሲመጣ ታጥቦ ወደ ሐይቁ ይሄዳል፤ ብር ደግሞ እንደ ቅጠል አይበሰብስም፤ በጭቃው ውስጥ ይጠራቀማል። በ200 ሊትር በርሜል ግን ሒሳቡ ሌላ ነው። አንድ ግራም ይበቃል፤ አንዱ ጠገራ 23 በርሜል ያክማል።

ስለዚህ የእኔ ፍርድ ይህ ነው። ከቅጠልና ከብር የሚሠራው ቅንጣት ለጣና ዳር ረግረግ አልተፈጠረም፤ ለእርሱ ማፋሰስና መድፈን ይሻለዋል። ቦታው ሰውም ከብትም ዓሣም የማይጠጣው፣ ወደ ወንዝም የማይፈስ ዝግ ውሃ ነው፤ ለግንባታ የተጠራቀመ ውሃ፣ የፍሳሽ ጉድጓድ፣ በጋራዥ ጓሮ የተከመረ አሮጌ ጎማ። የእስያዋ ትንኝ የምትመርጠው የዚህን ዓይነት ዕቃና ጉድጓድ ስለ ሆነ፣ መሣሪያውና ጠላቱ በአንድ ቦታ ይገናኛሉ። ለሚጠጣ ውሃ ግን ከዚህ የሚሻል አለ። ባሲለስ ቱሪንጂየንሲስ እስራኤለንሲስ የሚባል በ1976 በኔጌቭ በረሃ ከአንድ ኩሬ የተገኘ ባክቴሪያ አለ፤ የእጩን አንጀት ይገድላል፤ ዓሣንና ሰውን ግን አይጎዳም። ከዚህም የሚቀልል አለ፤ የበርሜል ክዳን።

አንድ መምህሬ ይህን ንግግር ቀደም ብለው አንብበው፣ እንግዲያው ናኖ ቅንጣቱን ለምን አነሣኸው፣ ክዳን ግጠሙ ብለህ አትቀመጥም ወይ አሉኝ። ጥያቄያቸው ትክክል ነው። መልሴም ይህ ነው፤ ዲ.ዲ.ቲ.ን የለመደች ትንኝ ሌላውንም ልትለምድ ትችላለች፤ ስለዚህ አንድ መሣሪያ ብቻ ይዞ መጠበቅ አይበጅም። ደግሞም ይህ ሥራ በጣም ውድ መኪና ወይም ከባሕር ማዶ የሚመጣ ፋብሪካ የማይጠይቅ፣ ቅጠሉ ከደጃችን የሚቀነጠስ በመሆኑ፣ እኛ ራሳችን መርምረን ይጠቅማል ወይም አይጠቅምም ልንል የምንችልበት ነው። ሌሎች መርምረው እስኪነግሩን መጠበቅ የለብንም።

እኔ እንዲደረግ የምመኘው ሙከራ ይህ ነው። ከእምቦጭ ወይም ከእንዶድ ቅጠል የብር ቅንጣት ይሠራ። በአንድ በኩል 25 የወባ ትንኝ እጭ፣ በሌላ በኩል ከጉማራ የመጡ ጥቃቅን የነጭ ዓሣ ጫጩቶች በየብርጭቆው ይቀመጡ፤ መጠኑም ለሁለቱ እኩል ይሁን። እጮቹ ሞተው ዓሦቹ ከዳኑ ሥራው ይቀጥላል። ሁለቱም ከሞቱ ጠርሙሱ ይዘጋል፤ በየትኛው መጠን እንደ ሞቱ ግን ተጽፎ ይቀመጣል። ለዚህ ኬሚስት፣ የትንኝ ዐዋቂና የዓሣ ዐዋቂ ያስፈልጋሉ። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ፣ የአማራ ሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩትና የባሕር ዳር የዓሣ ምርምር ማዕከል ሦስቱም በዚሁ በከተማችን ውስጥ ናቸው። በመጪው ዓመት ከመካከላችን ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚገቡ ስላሉ፣ ይህን ሙከራ በዐደራ እንዲወስዱልኝ በዚህ ሁሉ ሕዝብ ፊት እጠይቃለሁ፤ እኔም ፈተናው ከቀናኝ ከእነርሱ አንዱ ለመሆን አስባለሁ።

እስከዚያ ድረስ የሳይንስ ክበባችን በመጪው ቅዳሜ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ጀምሮ ከትምህርት ቤቱ አጥር በስተ ኋላ ያሉትን ሦስት ጉድጓዶች ይደፍናል። አፈሩ ተከምሯል፤ የጎደለን አካፋ ነው። በቤቱ አካፋ ያለው ወላጅ ለልጁ አስይዞ ቢልክልን በዚያው ቀን ማታ እንመልሳለን። ክዳን የሌለው ሮቶ ወይም በርሜል በቤቱ ያለም በበሩ ላይ ለተቀመጠችው ተማሪ ስሙን ያስመዝግብ፤ መጥተን በጭልፋ እንመለከትለታለን።